አገሩ እየበለጸገ የሠራተኛው ክፍያ ለምን ከቦታው አይነሳም? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ቀን ቀን በአየር ማረፊያ፣ በአንድ ኮንትራክተር ኩባንያ ተቀጥረው፣ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ያጓጉዛሉ፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ በሆም ኬር ድርጅት በኩል አረጋውያንን በየቤታቸው ይንከባከባሉ። «በሳምንት 60 ሰዓት እየሠራሁ ከቤት ኪራይና ከመኪና ኢንሹራንስ የሚተርፈኝ ነገር የለም» ይላሉ። «አገሩ ሀብታም ነው፣ የአክሲዮን ገበያውም ይጨምራል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ የእኛ ክፍያ ለምን ከቦታው አይነሳም? አንዳንዱ ስደተኛ ስለበዛ ነው ይላል፤ ሌላው ካልተማርሽ ይኸው ነው ይለኛል። እውነቱ የቱ ነው? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ውድ እኅታችን፣ የሠራተኛ ገበያን ለሚያጠና ሰው ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። የምሰጠው መልስ ክፍያው የቆመው የእርስዎ ሥራ ዋጋ ስላነሰ አይደለም የሚል ነው። ሠራተኛው ያመረተውን ተካፍሎ እንዲወስድ ያስችሉት የነበሩ ሕጎችና ድርጅቶች ባለፉት 50 ዓመታት አንድ በአንድ ስለተዳከሙ ነው። ይህን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ልኩን እንወቅ። በግል ድርጅቶች የሚሠሩና የኃላፊነት ቦታ የሌላቸው አሜሪካውያን ሠራተኞች አማካይ የሰዓት ክፍያ በጥር 1973 ዓ.ም. 4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ነበር። ያ ገንዘብ የዋጋ ንረቱ ተሰልቶ ወደ 2018 ሲመነዘር 23 ዶላር ከ68 ሳንቲም ያህል የመግዛት አቅም ነበረው፤ በ2018 የነበረው ትክክለኛ አማካይ ክፍያ ግን 22 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነው። ከ45 ዓመታት በኋላ አማካዩ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ሥራ የሚገዛው ነገር አልጨመረም ማለት ነው። በዚሁ ዘመን ሠራተኛው በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ምርት እጅግ አድጓል። ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ስሌት መሠረት ከ1979 እስከ 2020 ምርታማነት ከ60 በመቶ በላይ ሲጨምር የተራው ሠራተኛ የሰዓት ክፍያ ጭማሪ 20 በመቶ አልሞላም። ይህን ስሌት የሚተቹ ኢኮኖሚስቶች አሉ፤ የዋጋ ንረቱ በሌላ መለኪያ ቢሰላና አሠሪው የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ ቢደመር ልዩነቱ ይጠባል ይላሉ። በዚህ ረገድ እውነት አላቸው። ልዩነቱ ይጠባል፤ ግን አይጠፋም።

የኢንሹራንሱ ነገር ሊናቅ የማይገባው ነው። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ጥናት ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ በአሠሪ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ ኢንሹራንስ አማካይ ዋጋ በ1999 በዓመት 5,791 ዶላር ነበር፤ በ2024 ግን 25,572 ዶላር ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው ከደመወዙ የሚቆረጥበት 6,296 ዶላር ያህሉ ነው። ቀሪውን አሠሪው ይከፍላል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በሌላ ሁኔታ በቼክ ላይ ሊታይ ይችል የነበረ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ የሚያገኘው ሠራተኛ ጭማሪው በከፊል ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሄድበታል። እንደ እርስዎ ሰዓታቸው ተቆራርጦ ኢንሹራንስ የማያገኙት ደግሞ ጭማሪውንም ኢንሹራንሱንም ያጣሉ። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ኢንሹራንስ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ብዙ ድርጅቶች የሥራ ሰዓቱን 28 ወይም 29 ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት ልግባ። የፌዴራሉን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የደነገገው ሕግ በ1938 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የተፈረመ ሲሆን፣ ወለሉም 25 ሳንቲም ነበር። ሕጉ ወለሉን ከዋጋ ንረት ጋር ስለማያያይዘው ኮንግረስ ድምፅ ሰጥቶ ካላሳደገው በስተቀር በየዓመቱ ዋጋው በራሱ እየወረደ ይሄዳል። በ1968 የነበረው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም በዛሬ ዋጋ ከ14 ዶላር በላይ ነው። የአሁኑ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 2009 ሲሆን ከዚያ ወዲህ አልተነካም፤ ከ1938 ጀምሮ ወለሉ ሳይጨመር ይህን ያህል የቆየበት ጊዜ የለም። በዚህ ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከታክስ በፊት የሚያገኘው 15,080 ዶላር ብቻ ነው። በቲፕ የሚሠሩ አስተናጋጆች የፌዴራል ወለል ደግሞ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። በመጋቢት 2021 ወለሉን ወደ 15 ዶላር የሚያደርስ ማሻሻያ ለሴኔት ቀርቦ በ58 ተቃውሞና በ42 ድጋፍ ወደቀ። ሕግ አውጪዎች ባለማድረግም ይወስናሉ፤ ምንም ያልተደረገባቸው እነዚያ ዓመታት በሙሉ ለዝቅተኛ ተከፋዩ የደመወዝ ቅነሳ ነበሩ።

ወለሉ ከፍ ሲል ሥራ ይጠፋል የሚለው ክርክር በቅንነት ሊመዘን ይገባዋል። ሚያዝያ 1992 የኒው ጀርሲ ግዛት ወለሉን ከ4 ዶላር ከ25 ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም ሲያሳድግ፣ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በኒው ጀርሲና ወለሉን ባልለወጠችው በአጎራባቿ ፔንሲልቬንያ የሚገኙ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። በኒው ጀርሲ የሥራ ቅነሳ አላገኙም። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። በሌላ በኩል የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በ2021 የ15 ዶላሩን ሐሳብ ሲገመግም 17 ሚሊዮን ሠራተኞች ጭማሪ እንደሚያገኙ፣ 900 ሺህ ሰዎች ከድህነት እንደሚወጡ፣ 1.4 ሚሊዮን ያህል የሥራ ቦታ ግን እንደሚቀንስ ገምቷል። በእኔ ፍርድ ማስረጃው የሚያሳየው በልክ የሚደረግ ጭማሪ ጉዳቱ ጥቂት፣ ጥቅሙም ብዙ እንደሆነ ነው፤ ምንም ዋጋ የለውም ማለት ግን አልችልም።

የደመወዝ ወለል ከታች ላለው ሠራተኛ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ይዞት የነበረው የሠራተኛ ማኅበሩ ነበር። በ1950ዎቹ ከሦስት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ያህል የዩኒየን አባል ነበር፤ በ1983 20.1 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 9.9 በመቶ ብቻ ሆኗል፤ በግል ድርጅቶች ብቻ ሲታይ 5.9 በመቶ ነው። ለዚህ ውድቀት የፋብሪካዎች መዘጋት ድርሻ አለው፤ በተለይ ቻይና በታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ፣ በ2000 ወደ 17 ሚሊዮን የነበረው የፋብሪካ ሥራ በ2010 ወደ 11.5 ሚሊዮን ወርዷል። ይሁን እንጂ ንግድ ብቻውን አያስረዳውም፤ ሆቴል፣ ሆስፒታልና አየር ማረፊያ ወደ ቻይና አልሄዱምና። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የሥራ ማቆም አድማ ያደረጉ ከ11,000 በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ሲያባርሩ፣ የግል አሠሪዎችም አድማ የመታን ሠራተኛ መተካት እንደሚቻል ትምህርት ወሰዱ። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የሕጉ አቅመ ቢስነት ነው። አንድ አሠሪ ዩኒየን ለማቋቋም የተንቀሳቀሰን ሰው በሕገ ወጥ መንገድ ቢያባርር የሠራተኞችን የመደራጀት መብት የሚጠብቀው የ1935ቱ የፌዴራል ሕግ ቅጣት አይጥልበትም። ከብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት ክርክር በኋላ የሚታዘዘው የተባረረውን መልሶ እንዲቀጥርና ያልከፈለውን ደመወዝ እንዲከፍል ነው፤ ከዚያም ላይ ሠራተኛው በመካከሉ ሌላ ቦታ ሠርቶ ያገኘው ይቀነስለታል። የእርስዎ ግዛት ቨርጂኒያ ደግሞ በዩኒየን ውል የሚጠቀም ሠራተኛ መዋጮ እንዲከፍል ማስገደድን ከሚከለክሉት 26 ግዛቶች አንዷ ናት፤ ይህም የማኅበሮችን ኪስ ያደርቃል።

ሌላው ለውጥ የእርስዎን ቀን ሥራ በቀጥታ የሚመለከት ነው። ቀድሞ ትልቁ ድርጅት የጽዳት ሠራተኛውንም፣ ጥበቃውንም፣ ወንበር ገፊውንም በራሱ ደመወዝ መዝገብ ይይዝ ነበር። ዛሬ ሥራው በጨረታ ለኮንትራክተር ይሰጣል። የጨረታ አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው፤ የወንበር ገፊ አገልግሎት ወጪው ደግሞ በአብዛኛው የሰው ጉልበት ስለሆነ ዝቅተኛ ዋጋ ማለት ዝቅተኛ ደመወዝ ማለት ነው። አየር መንገዱ «የእኔ ሠራተኛ አይደለችም» ይላል፤ ኮንትራክተሩ «ከዚህ በላይ ብከፍል ውሉን አጣለሁ» ይላል። ሁለቱም እንደየሒሳባቸው እውነት ተናግረዋል፤ ሠራተኛዋ ግን የምትደራደረው ሰው አታገኝም። በእርስዎ አካባቢ ይህ አጥር አንድ ጊዜ ተጥሷል። የሬገንና የደለስ አየር ማረፊያዎችን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን በ2017 ባጸደቀው ፖሊሲ፣ በኮንትራክተሮች ሥር ያሉ ሠራተኞች ከጥር 2018 ጀምሮ በሰዓት ከ11 ዶላር ከ55 ሳንቲም በታች እንዳይከፈላቸው ወሰነ። ያኔ የቨርጂኒያ ወለል ገና 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ያ ውሳኔ የተገኘው ወንበር ገፊዎችና የጽዳት ሠራተኞች 32ቢጄ ከተባለው ዩኒየን ጋር ሆነው፣ ብዙዎቹም ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሆነው ሳለ፣ በባለሥልጣኑ የቦርድ ስብሰባዎች እየተገኙ ኑሯቸውን ስለመሰከሩ ነው። ሥራው ያው ሥራ፣ ሠራተኛውም ያው ሠራተኛ ነበር፤ የተለወጠው የመደራደር አቅሙ ነው።

የማታው ሥራዎ ታሪክ ከዚህም የከፋ ነው፤ ጥቂት ልቆይበት። የ1938ቱ ሕግ ሲወጣ የቤት ሠራተኞችና የእርሻ ሠራተኞች እንዲቀሩ ተደረገ፤ በደቡብ ግዛቶች ከነበሩት ጥቁር ሠራተኞች አብዛኞቹ የተሰማሩት በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ነበር። በ1974 ኮንግረስ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ ሲያስገባ፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን «የአብሮነት አገልግሎት» የሚሰጡትን ግን መልሶ አወጣቸው። ኤቭሊን ኮክ የተባሉ ከጃማይካ የመጡ ሴት በኒው ዮርክ ለረጅም ዓመታት አረጋውያንን ሲንከባከቡ ኖረው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስላላገኙ ድርጅቱን ከሰሱ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2007 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱባቸው። በ2013 የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ደንቡን ለውጦ በድርጅት በኩል የሚሠሩ ተንከባካቢዎች የወለሉና የትርፍ ሰዓቱ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ቢያደርግም፣ በሐምሌ 2025 ያው ሚኒስቴር ደንቡን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሐሳብ አቅርቧል። ወይዘሮ ኮክ ያጡት መብት ዛሬም የጸና አይደለም።

በዚህ ላይ የሆም ኬር ድርጅቱ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከተቋቋመው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከሜዲኬድ ነው። ሜዲኬድ ለአንድ ሰዓት እንክብካቤ የሚከፍለውን ዋጋ የሚወስነው የግዛቱ መንግሥት ነው፤ ድርጅቱም ከዚያ ላይ የአስተዳደር ወጪውንና ትርፉን ቀንሶ የቀረውን ለእርስዎ ይከፍላል። ሠራተኛ እንደ ልብ ባይገኝም እንኳ ክፍያው ከዚያ ጣሪያ በላይ ሊወጣ አይችልም። ስለሆነም የሆም ኬር ደመወዝ የሚወሰነው በየዓመቱ በግዛቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ በጀት ሲጸድቅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለ ስደተኞች የተባለውን በተመለከተ፣ በ1980 125,000 ያህል ኩባውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በማሪዬል ወደብ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ገቡ፤ የማያሚ ከተማ የሠራተኛ ኃይልም በ7 በመቶ ያህል ጨመረ። ዴቪድ ካርድ ባደረጉት ጥናት ቀድሞ በነበሩት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኙም። ጆርጅ ቦርሃስ የተባሉት ኢኮኖሚስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ባላጠናቀቁ ወንዶች ላይ ጉዳት ነበረ ብለው ይሟገታሉ፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ያወጡት ሰፊ ግምገማ ስደት በረጅም ጊዜ በአገሬው ተወላጆች ደመወዝ ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ ደምድሟል። ጉዳት ሲኖርም በይበልጥ የሚያርፈው ቀደም ብለው በመጡ ስደተኞች ላይ ነው ይላል፤ አዲስ መጪው የሚወዳደረው ከእርስዎ ጋር ነውና። ይህን ልሸሽግዎት አልፈልግም። ነገር ግን የደመወዙ መቆም የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአገሪቱ የስደተኛው ድርሻ በዘመናት ዝቅተኛ በነበረበት ወቅት ነው፤ ምክንያቱ ስደተኛው ቢሆን ኖሮ ጊዜው አይገጥምም ነበር።

«ካልተማርሽ» ለሚለው ደግሞ መልሴ ሁለት ገጽ አለው። ለአንድ ሰው ትምህርት ያዋጣል፤ ነርስ ቢሆኑ ክፍያዎ ከእጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ከቻሉ ይማሩ። ለአገር ግን መፍትሔ አይሆንም። በሆም ኬርና በግል እንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በቁጥር ከሁሉም የበለጠ አዲስ የሥራ ቦታ ይከፈትበታል ተብሎ በመንግሥት የተተነበየውም ይኸው ዘርፍ ነው። እርስዎ ተምረው ቢወጡ ወንበርዎ ላይ ሌላ ሴት ትቀመጣለች፤ አዛውንቱም እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ያንን ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው መኖር መቻል አለበት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቀው በዋሽንግተን በፓርኪንግ ቦታዎች የሰው መኪና የሚያቆሙ ወገኖቻችን ብዛትም ችግሩ የትምህርት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ክፍያ ፈጽሞ አይነሳም ብዬ ተስፋ ላስቆርጥዎ አልፈልግም። ሥራ አጥነት ወደ 4 በመቶ በወረደበት በ1990ዎቹ መጨረሻ የዝቅተኛ ተከፋዮች ደመወዝ ከዋጋ ንረት በላይ አድጓል። ከ2020 በኋላም፣ የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2022 9.1 በመቶ ደርሶ እንኳ፣ ከሁሉም የተሻለ እውነተኛ ጭማሪ ያገኙት ከታች ያሉት ናቸው፤ አሠሪዎች ሰው አጥተው ስለነበር ሠራተኛው የተሻለ የሚከፍለውን መምረጥ ቻለ። በፌዴራል ደረጃ ያልተንቀሳቀሰውን ወለልም ግዛቶችና ከተሞች ከፍ አድርገውታል፤ በ2025 በዋሽንግተን ዲሲ 17 ዶላር ከ95፣ በሜሪላንድ 15፣ በቨርጂኒያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ለአንድ ዓይነት ሥራ ከቨርጂኒያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዲሲ በሰዓት 5 ዶላር የሚበልጥ ልዩነት መኖሩን ሥራ ሲፈልጉ ያስታውሱት። ዳላስ ወይም አትላንታ ኑሮ ይረክሳል ብለው የሚመክሩዎት ቢኖሩ ደግሞ፣ በቴክሳስም በጆርጂያም የሚሠራው የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ስለሆነ ቀድመው የኪራዩን ብቻ ሳይሆን የክፍያውንም ልክ ይጠይቁ።

በመጨረሻ ወደ 60 ሰዓትዎ ልመለስ። የትርፍ ሰዓት ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ አንድ ተኩል እጥፍ የሚያስከፍለው በአንድ አሠሪ ሥር ለተሠራ ሰዓት ነው። በሁለቱም ቦታ 16 ዶላር ይከፈልዎታል ብንልና 32 ሰዓት በአየር ማረፊያ፣ 28 ሰዓት በሆም ኬር ቢሠሩ፣ በሳምንት 960 ዶላር ያገኛሉ። ያው 60 ሰዓት በአንድ አሠሪ ሥር ቢሆን 1,120 ዶላር ይሆን ነበር። ልዩነቱ በ50 ሳምንት 8,000 ዶላር ነው። ስለዚህ አንደኛው ቦታ የሙሉ ጊዜ ሥራ ቢገኝ፣ በሰዓት ክፍያው ጥቂት ዝቅ ቢልም፣ ሒሳቡን ሠርተው ያወዳድሩት። በሆም ኬሩ በኩል፣ በአንድ ቀን ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው የሚሄዱበት ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ብዙ ድርጅቶች ይህን አይከፍሉም። የሠሩበትን ሰዓት በየቀኑ በራስዎ ማስታወሻ ይጻፉና በየክፍያው ወረቀት ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ስለ ክፍያ መነጋገር በ1935ቱ ሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ አሠሪ ሊከለክለው አይችልም። በዚህ ወይም በማኅበር እንቅስቃሴ ምክንያት ከተቀጡ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ በ6 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ያልተከፈለ ደመወዝ ሲሆን ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ይመለከታሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ለተሠራ ሥራ ክፍያ የመጠየቅ መብትን አያስቀርም። በፌዴራሉ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠየቀው የ2 ዓመት፣ አሠሪው አውቆ ካጠፋ ደግሞ የ3 ዓመት ክፍያ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ የክፍያ ቀን አንድ አሮጌ ሳምንት ከዚህ ገደብ ውጭ ስለሚወጣ፣ ጉድለት ካገኙ ክሱን ወይም ማመልከቻውን አያዘግዩት።